ከነእናቱ የሚነሳ ክዳን

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓለምፀሐይ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ከሰላምታው በፊት ላስቀምጠው፤ ክዳን መስፋት አልችልም። ድሮም አልችልም ነበር። ባለቤቴ ሳያውቀው ሞተ። ልጄ አያውቅም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ስወጣና ስወርድ "እትዬ ሸዋ" እያሉ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች አያውቁም። አንቺ ብቻ ሳልነግርሽ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ላንቺ መጻፌ እንደ መንገር አይቆጠርም ይሆናል።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጆሮሽ ጨርሶ እምቢ ማለቱን አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ይማርሽ። ቢሰማልሽም ኖሮ አልደውልልሽም ነበር። ድምፅሽን ብሰማ ዝም እላለሁ፤ ወረቀት ይሻለናል። የልጅ ልጅሽ ሔርሜላ ደብዳቤሽን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ስትልክልኝ ስምሽ ላይ ሳልደርስ በጽሕፈትሽ አወቅኩሽ። ፊደል የቆጠርነው አንድ አግዳሚ ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የአንቺ ፊደል ያኔም ከኔ ቀጥ ያለ ነበር።

ስለ አሥራት ሞት ያጽናናሽኝ ደርሶኛል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዘገየሁ ብለሽ ይቅርታ አትጠይቂ፤ እኔም አላረዳሁሽም።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ሙዳዩ አለ። ጥቁርና ወይን ጠጅ አለላ ያለበት፣ አሥራት ከማኅበሩ ገዝቶ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው። ፓስፖርታችንንም፣ ግሪን ካርዳችንንም፣ የልጃችን የዮአብን የክትባት ካርድም እዚያው ሲያኖር ኖረ።

ሔርሜላ ደብዳቤያችንን እንደምታነብ ስለምገምት ለእሷ ስል ከሥሩ ልናገር። ልጄ፣ አያትሽና እኔ ጉለሌ በነበረው የስፌት ማኅበር ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። አሠልጣኛችን እትዬ ሙሉዬ ሥራ ስታከፋፍል አንዷን ገላውን፣ አንዷን ክዳኑን ታሰፋ ነበር። ገላውን "እናት" እንለዋለን። እኔ እናት ሰፊ ነበርኩ፤ አያትሽ ክዳን ሰፊ። አሥራት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሥራ ሲረከብ ሙዳዩን ከክዳኑ ጉልላት ይዞ ወደ ላይ ያነሳዋል። እናቱ ተከትላ ከተነሳች ይረከባል፤ ከወደቀች ይመልሳል።

አንድ ቀን ያንን ሙዳይ አነሳው። ተያይዘው ተነሱ። ወዘወዘው፤ አልተላቀቁም።

"ይሄን ክዳን የሰፋችው ማናት?" አለ።

"እኔ" አልኩት።

አንቺ ከአክርማው ክምር ጀርባ ነበርሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ ምንም አላልሽም። ያልኩትን ሰምተሽኝ ነበር ወይ? ከሰማሽ ለምን ዝም አልሽ? ሽማግሌ የላከው ከዚያ በኋላ ነው። በአንቺ ክዳን ነው የተዳርኩት።

አሁን ለምን እንደምጽፍልሽ። አዛውንት ከመንከባከብ ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከኛ ሰፈር ወደ ላይ፣ ገበያው አካባቢ፣ ቫሃን የሚባል አርመናዊ ሽማግሌ ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የተጎዳ ስፌት እጠግናለሁ። እጠግናለሁ እንጂ አልሰፋም። የጃፓን የቀርከሃ ቅርጫት አለ፤ ካሊፎርኒያ ከጥንት የኖሩት ሕዝቦች የሰፉት ውሃ የሚይዝ የሥር ሥራ አለ፤ ከአጥንትና ከእንጨት ስንጥር ኮከብ የተለቀመበት የፋርስ ሣጥን አለ። ስለ እያንዳንዱ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ አነባለሁ። የተማርኩት ነገር ቢኖር በየአገሩ ሰውን የሚያስጨንቀው ክዳኑ መሆኑን ነው። የጃፓኖች የሻይ ቆርቆሮ አለ፤ ክዳኑን አፉ ላይ ታስቀምጪና እጅሽን ታነሺያለሽ። በራሱ ክብደት፣ ውስጡ ያለውን አየር እያስወጣ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ምሳዬን አልበላሁም። የሠሪው ስም ታች ተቀርጿል። አላውቀውም፤ ከሞተም ቆይቷል፤ ግን ቀናሁበት።

የሙዳዩ መቀመጫ ስለሳሳ ልጠግነው ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ኤልያና የምትባል እዚህ የተወለደች የሐበሻ ልጅ፣ ፓሳዴና አንዲት ትንሽ ሙዚየም ውስጥ የምትሠራ፣ ለኤግዚቢሽን ዕቃ ልትመርጥ መጥታ አየችው። ኤግዚቢሽኑ ስለ ክዳን ነው። ከየአገሩ፣ ክዳን ብቻ። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እዚህ የተወለዱት ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ ልቧ ግን ጥሩ ነው።

"እትዬ ሸዋ! ኦ ማይ ጋድ፣ ከነታቹ እኮ ነው የሚነሳው!" አለች። "ሜከሯ ማናት?"

ሙዳዩን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

"ሌብሉ ላይ አንድ ላይን ነው ያለኝ። ካልታወቀች 'አንኖውን' ብዬ እጽፋለሁ፣ ኦኬ?"

"ቆይ፤ እንደሱ አትበይ።"

"ሶ ታውቂያታለሽ?"

"አውቃታለሁ።"

"ታዲያ ንገሪኛ! ጃፓኖቹ ስማቸውን ታች ይጽፋሉ፤ እኛ ለምንድነው የማንጽፈው?"

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። ስሜን ልስጣት ወይስ ስምሽን? ፈቃድ እየጠየቅኩሽ አይደለም። ግን ጻፊልኝ።

ሸዋረጋ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸዋዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። መስማት ካቆምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ቁም ነገር የሚያወራ ይመስለኛል። ሔርሜላን ጎረቤቶቹ እዚያ ተሰብስበው ምን ይላሉ ስላት "ስለ ታክሲ ዋጋ ነው፣ እማማ" ብላ ጻፈችልኝ። ምንም አላመለጠኝም ማለት ነው።

ያልሽውን ሰምቼሻለሁ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ ሰምቼሻለሁ። የአክርማ ክምር ጆሮ አይደፍንም። ያኔ ጆሮዬ ጤነኛ ነበር። አልተቀየምኩሽም ብልሽ ውሸት ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ተቀይሜሻለሁ። ከእናንተ ቤት በር በታች ያለውን መንገድ ትቼ በላይ ነበር የምዞረው፤ ጫማዬ በጭቃ አለቀ። ከዚያ ሌላ ክፉ ነገር መጣና ያንቺን ረሳሁት።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብለሻል። ይሄን ሌላ ጊዜ።

ስለ ስሙ፤ ያንቺን ስጫት። የኔ ስም ፓሳዴና ምን ይሠራል? መንገዱንም አያውቀው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። እናቱን ላኪልኝ። ክዳኑን እዚያው ያዢው፤ ለሙዚየሙም ስጪው፣ ጨውም አድርጊበት። እኔ የምፈልገው እናቱን ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ።

ሔርሜላ ስሟ ደብዳቤ ውስጥ ስለገባ ደስ ብሏት ሰፈሩን አዳርሳለች። ለዮአብ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ አባቱን ይመስላል ወይ?

ያንቺው ዓለምፀሐይ


ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓለምፀሐይ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ዮአብ ዓይኑ የአባቱ ነው፤ ዝምታው የኔ። ሃውቶርን ሮኬት የሚሠሩበት ቦታ ተቀጥሯል፤ እዚያም ክዳን ይገጣጥም እንደሁ አላውቅም።

"ያንቺን ስጫት" አልሽኝ። እንደ ተረፈ ነገር። አንቺ ድሮም እንዲህ ነሽ፤ ስትሰጪ የሚቀበልሽ ሰው ያንሳል። ቅያሜሽን ስትጽፊ እንኳ ጫማሽን አስቀድመሽ አሳቅሽኝ። ሳቅሁና ተናደድኩ።

እናቱን ለምን ፈለግሽ? ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሙዳዩን አውርጄ፣ ባዶ አድርጌ፣ ጣቴን በውስጡ አዞርኩ። የተሰፋ ምልክት አለ ወይ፣ እሱና አንቺ ብቻ የምታውቁት ነገር አለ ወይ ብዬ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሟች ባሌ። መነጽሬን አድርጌ መቀመጫውን በባትሪ አየሁት። ምንም የለም። ባዶ ሳደርገው የወጣውም የጉለሌ ቤታችን ቁልፍ ብቻ ነው። አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን አላቆመኝም፤ ደግሜ ፈለግኩ።

ሔርሜላ "እትዬ፣ ለምን መስፋት ተዉ?" ብላ ጽፋልኛለች። እሷ እንኳ አንቱ ትላለች፤ ተባረኪ በያት። መልሱ ይኸው። ከሰፋሁ ክዳን ስፊ እባላለሁ። ስለዚህ እንደተጋባን ዓይኔን ያመኛል አልኩ። ዮአብ ሲወለድ ልጅ ይዣለሁ አልኩ። ዲቪ ደርሶን እዚህ ስንመጣ "እዚህ ሳሩ የለም" አልኩ። ደህና ሰበብ ነበር፤ ሳሩ በእርግጥ የለም። አንድ ቃል ብዬ እጄን አጣሁት፤ እናት መስፋት ግን እችል ነበር፣ ዓለምፀሐይ። እወደውም ነበር።

ሞክሬያለሁ ደግሞ። አሥራት ታክሲውን ይዞ ሲወጣ፣ ከዕደ ጥበብ መደብር የገዛሁትን ሰው ሠራሽ ሳር አውጥቼ ክዳን እሰፋለሁ። አንዱ እናቱ ውስጥ ይሰምጣል። አንዱ ላይዋ ላይ ይጨፍራል። አንዱን እርጥብ ሳለ ገጥሞልኝ እልል ልል ስል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ የሕፃን ቆብ አከለ። ሁሉንም በጋዜጣ ጠቅልዬ ከሕንፃው ጀርባ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እከታቸው ነበር፤ ከላይ ሌላ ቆሻሻ እያደረግኩ፣ እንደ ሌባ።

እንግዳ ሲመጣ ያለውን ልንገርሽ። አሥራት ሙዳዩን ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ ከጉልላቱ ይዞ ያነሳዋል።

"እዩት እንግዲህ! የባለቤቴ እጅ!"

"ወይ ጉድ!" ይላል እንግዳው። አንድ ጊዜ ጓደኛው ተስፋሁን "ጋሼ አሥራት፣ እትዬ ለኛም አንድ ይስፉልና፤ እኔ ቤት ያለው ክዳን ሁሉ ፕላስቲክ ነው" ብሎ አሳቀን።

"እሷ አንዴ ነው የሰፋችው" አለ አሥራት። ሙዳዩን አየር ላይ እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ሁልጊዜ እንደዚያ ይቆያል። ያን ጊዜ የሚያየው እንግዳውን አይደለም፤ እኔን ነው። እኔም ሁልጊዜ ያን ጊዜ ምድጃ ላይ የጣድኩት ነገር ትዝ ይለኝና እነሳለሁ።

ሌላ ሴት ባሏ ሌላዋን ሲያደንቅ ትቀናለች። እኔ ባሌ እኔን ሲያደንቅ ቀናሁ። እያሞገሰኝ አንቺን ያሞግሳል፤ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ዕቃ ሳጥብ "ነገ በጣጥሼ እጥለዋለሁ" እላለሁ። በማግስቱ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ እንዳይጎዳም እጠነቀቃለሁ። ቆንጆ ስለሆነ። ይሄ ነው የሚያቃጥለው፤ ክዳንሽ ቆንጆ ስለሆነ።

አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ሌላው ይቅር። ያውቅ ነበር ወይ?

ሸዋረጋ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሸዋዬ፣

ያውቅ ነበር።

ተቀምጠሽ አንብቢው። ውሃ ጠጪ። ይሄን ደብዳቤ ሔርሜላን "ፎቶ አንሺ እንጂ አታንብቢ" ብያታለሁ፤ እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ታንብበው።

ሽማግሌ ከላከ በኋላ፣ ከሠርጋችሁ በፊት ነው። ሉሊትን ታስታውሻታለሽ፣ ያቺን ሳቂታዋን። እናቱን እሷ፣ ክዳኑን እኔ የሰፋነው ሙዳይ አሥራት ዘንድ ደረሰ። አነሳው፤ እናቱ ዱብ አለች። አዙሮ ገጠመው፤ አነሳው፤ ዱብ። ክዳኑን ገልብጦ አየ። ከዚያ ያንን ለራሱ ገዝቶ ያስቀመጠውን አወረደና የእሱን ክዳን ገልብጦ አየ። ንብረት ክፍል የዋለ ሰው የሰፊዋን እጅ ከፊርማ አሳምሮ ይለያል።

"ዓለምፀሐይ፣ ይሄም ያንቺ ነው፤ ያም ያንቺ ነው" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ለምን ዝም አልሽ ብለሽኝ ነበር። መልካም ሰው ሆኜ እንዳይመስልሽ። ዝም ያልኩት ጊዜ እየጠበቅኩ ነበር። ሽማግሌ እስኪገባ፣ ድግሱ እስኪጠነሰስ፣ ከዚያ ሲፈርስ ድምፁ ትልቅ እንዲሆን። "አዎ" ያልኩት እንዲፈርስ ብዬ ነው። ቀናሁ፣ ሸዋዬ። ንስሐ አባቴ እንኳ ይህን አልሰሙም።

እሱ ምን አለ መሰለሽ? ሳቀ።

"ክዳን ብቻውንማ ማንም ያነሳዋል" አለኝ። "እኔን የገረመኝ ተከትሎት የሚነሳው ነው።"

የሉሊትን እናት ሰጠኝና አፉን በጣትሽ ዙሪው አለኝ። ዞርኩት፤ እንቁላል ነበር። ያንቺን ሰጠኝ። ዞርኩት፤ ጣቴ የት እንደጀመረ ጠፋኝ። ክዳን እኮ የሚለካው በእናቱ አፍ ነው፤ አፉ ክብ ካልሆነ የኔ እጅ ምን ይሠራል? ያን ቀን ነው የገባኝ። እኔ አንቺን እንጂ አንቺ እኔን አትሸከሚኝም ብዬ የኖርኩት ሴት፣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ከዚያ "እንዳትነግሪያት" አለኝ። "ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ። ስታፍር ደስ ትላለች።"

ስንት ዘመን እንደሚጠብቅ እሱም አላወቀ፤ እኔም አላወቅኩ።

አንቺ ከማኅበሩ ከወጣሽ በኋላ የሰፋሁት ክዳን ሁሉ የሚገጥመው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ገዢ እንዳይቸገር ክዳኑም ላይ እናቱም ላይ ቀይ ክር እሰፋለሁ፤ ቀዩ ከቀዩ ሲገናኝ ይዘጋል። ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ባለፈው አንዲት ደምበኛ "ቀዩን አብዢልኝ፣ ያምራል" አለችኝ። እኔ እያንዳንዱን ቀይ ክር ስሰፋ "ሸዋ የለችም፣ ሸዋ የለችም" እያልኩ ነው።

እናቱን የፈለግኩት ልፈታው ነው። አሁን እቤቴ ሴት ልጆች አስተምራለሁ። ክዳን አስተምሬያቸዋለሁ። አፍ ግን አላውቅም። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ስትሰፊ ጀርባሽን ትሰጪን ነበር፤ ዞረሽ ስትመለሺ ያለቀለት ነው። ዙር በዙር ብፈታው አየዋለሁ ብዬ ነው። ከፈታሁት ደግሞ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።

አሁን ነገርኩሽ። ብትከለክይኝም አልቀየምም፤ በአሁኑ ዕድሜዬ የምዞርበት የላይ መንገድ የለኝም፤ ጉልበቴ እምቢ ብሏል።

ዓለምፀሐይ


ሎስ አንጀለስ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓለምፀሐይ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሔርሜላ በየሳምንቱ "እትዬ ደህና ነዎት?" ስትለኝ አውራ ጣት ብቻ ስልክላት ከረምኩ። አሞኝ አልነበረም። ተናድጄ ነው።

በመጀመሪያ በክዳንሽ ነበር የምቀናው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ያ ቀለለኝ፤ ግን ወዲያው ሌላ መጣ። "ስታፍር ደስ ትላለች" ያለው ላንቺ ነው። ለኔ ብሎኝ አያውቅም። እኔ አቧራ ስጠርግ አንቺ ያንን ቃል ይዘሽ ተቀምጠሻል። እሱ እዚህ ሙዳዩን አንስቶ ይጠብቀኛል፣ አንቺ እዚያ ታውቂያለሽ፤ ሁለታችሁ በኔ ላይ አንድ ምሥጢር ነበራችሁ። ምንም እንዳልተደረገ አውቃለሁ። ቅናት ግን ምን ተደረገ ብሎ አይጠይቅም። የት ነበርኩ ነው የሚለው።

አየር ላይ አንስቶት የሚቆየውንም አሁን አወቅኩ። ተናገሪ እያለኝ ነበር። እኔ ወደ ምድጃዬ እሮጥ ነበር።

የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ ስለ አፉ። አንድ ጊዜ አሥራትና እኔ ከፓሳዴና ስንመለስ ፍሪዌይ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ዳር አወጣው። ቅያሪውን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ ብሎን አቀብለዋለሁ።

"በተርታ አይጠብቅም" አለኝ። "ይሄን ትንሽ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን ትንሽ። አለበለዚያ ጎማው ወደ አንድ ወገን ይገባል።"

ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅሻል? መኪናው እየጮኸብን?"

"ምንም።"

ያሳቀኝ እኔ የሙዳይ አፍ የማጠብቀው እንደዚያው ስለሆነ ነው። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ስሰፋ የሳሩን ጭራ አልቆርጥም። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እቀጥልና ጭራውን ወደ ውጭ እተወዋለሁ። ስጨርስ አፉ ዙሪያውን ጃርት ይመስላል። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ሳሩ ሲለሰልስ አንዱን ጭራ ትንሽ እስባለሁ፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፤ ደግሞ ጎኑን፤ ደግሞ የጎኑን ፊት ለፊት። ተርታውን ከሳብሽው አፉ ይሸሻል፤ የሉሊት እንቁላል የሚመጣው ከዚያ ነው። ጭራው የሚቆረጠው አፉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ አንድም ሳይታይ። ጀርባዬን የምሰጣችሁ ክፉ ሆኜ ነበር። ክዳን ለማልችለው ለኔ ይቺ ብቻ ነበረችኝ።

ያን ቀን ፍሪዌይ ዳር ልነግረው እችል ነበር። የጎማውን ስነግረው የክዳኑም አብሮ ይወጣ ነበር። የቀረውን ብሎን አቀበልኩትና መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ትናንት ኤልያና ሱቁ መጣች። ቫሃን የፋርሱን ሣጥን እየወለወለ ነበር። ክዳኑን አነሳሁና ሰጠኋት። ክዳኑን ብቻ።

"ታቹስ?" አለች።

"አዲስ አበባ ይሄዳል።"

"እትዬ ሸዋ! ሃፉ እኮ ነው! ሰው ምኑን ያያል?"

"ኤግዚቢሽኑ ስለ ክዳን አይደለም እንዴ? ስሙን ጻፊ። ዓለምፀሐይ እንዳሻው፣ ጉለሌ።"

ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ "ያንቺስ? አንቺም ትሠሪ ነበር ብለሽኝ የለ?" አለችኝ።

"እኔ ክዳን መስፋት አልችልም" አልኳት።

በአፌ፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ሱቅ ውስጥ። ይሄን ሁሉ ዘመን በጉሮሮዬ የያዝኩት ቃል ይኸው ነው። ጣራው የሚወርድ መስሎኝ ነበር። ኤልያና "ኦኬ" አለችና ስልኳን አየች። ቫሃን አማርኛ አያውቅም፤ ግን ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ወንበር ሳበልኝ። መደርደሪያው ላይ የማይሸጠው አንድ የብር ክዳን አለው። አያቱ ከአገሯ ስትሰደድ በእጇ የተገኘው እሱ ብቻ ነው፤ ማሰሮው ቀርቷል። ዋጋ ሲጠይቁት "ሙሉ ሲሆን እሸጠዋለሁ" ይላል። የኛንም ክዳን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ክፋት እንዳለበት አልደብቅሽም። ክዳንሽ መስታወት ውስጥ ብቻውን ይቆማል፤ ሥሩ ባዶ ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ ደስ ይለኛል። ትንሽ ብቻ፤ ስምሽ ከላዩ በትልቁ ተጽፏልና።

እናቱን ሳምሪ ይዛልሽ ትመጣለች፤ ጎረቤቴ ናት፣ ለገና አገር ቤት ትገባለች። ሻንጣዋ ውስጥ ሳይሆን በእጇ ይዛው እንድትገባ አስምያታለሁ። ይህን ካነበብሽ በኋላ መፍታት ላያስፈልግሽ ይችላል። ከፈታሽውም ፍቺው። አጠገብሽ ሔርሜላን አስቀምጫት፤ ጀርባሽን አትስጫት። ሳምሪ ስትመለስ አክርማና ሰንደዶ ላኪልኝ፤ ወስፌም ጨምሪ፣ የዚህ አገሩ መርፌ ለእጄ አይሆንም። ኤልያና ክዳኑን ከመውሰዷ በፊት ልኩን በክር ወስጃለሁ።

ኤልያና እነዚህን ደብዳቤዎች ለሙዚየሙ ልያዛቸው ብላኝ ነበር። አልሰጠኋትም፤ አንዷ መስመሯ ትበቃታለች። ያንቺን የኋለኞቹን ሁለት አትሜ፣ የኔን ሦስት ጨምሬ፣ ፖስታ ስለሌላቸው በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ። ቅዳሜ ዮአብ ሃውቶርን በኩል ወዳለው የአባቱ መቃብር ድራይቭ ያደርገኛል። እሱ መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል። ቆሜ ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ፤ ምንም የጣድኩት ነገር የለም። እውነቱን ለእሱ በመንገር አንቺ ቀድመሽኛል፤ ይሄንንም ቀንቼብሻለሁ። እሱ ግን ይጠብቅ የነበረው ከኔ አፍ ነው። የእነዚህ ገጾች ተቀባይ አሥራት ነው።

ሸዋረጋ